ዓለምን ያስሮጠው ጂም ፊክስ እና የሸሸው የልብ ምርመራ

አሰላ ከተማ ውስጥ በማለዳ ወጣ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ሯጮች ያጋጥሙታል። የመጀመሪያዎቹ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉንና ጥሩነሽ ዲባባን እያሰቡ የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ፣ ቦርጭ የጀመራቸው፣ ሐኪም ደም ግፊታችሁን ተጠንቀቁ ያላቸው ነጋዴዎች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ወጣቶቹ ለሜዳሊያ፣ ጎልማሶቹ ለጤና ይሮጣሉ። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው ግን አንድ እምነት አለ፤ የሚሮጥ ሰው ልቡን አይታመምም የሚል።

ይህ እምነት በአርሲ ደጋ ሥር ቢሰድ አይገርምም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ፣ በቆጂ ደግሞ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ኃይሌ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ያልሰማ የለም። በቆጂ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና የዲባባን እህትማማቾች አፍርታለች። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተነሱ ልጆች የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰባብሩ ያየ ሕዝብ የሯጭ ልብ ብረት ነው ቢል ማን ይፈርድበታል?

ይሁንና ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ገና ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ይህን እምነት የሚያናጋ መርዶ ተሰማ። የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ ከዕጮኛው ከዓለም ተጫለ ጋር በአዲስ አበባ ዳርቻ የጠዋት ልምምድ ላይ ሳሉ ዓለም ድንገት ወደቀች፤ ሕይወቷም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ ሸርብሩክ በተካሄደው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ1500 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች ለሞቷ ምክንያት የጠረጠሩት ልቧን ነበር። ቀነኒሳ ከሐዘኑ ሳይወጣ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ፈረንሳይ ውስጥ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሁለቱንም ርቀቶች ማሸነፉን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሞት በኋላ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሯጭ ልቡ ደህና መሆኑን በምን ያውቃል? ቀድሞ ቢመረመር ኖሮስ? ይህ ጥያቄ ከዚያ 20 ዓመት በፊት አሜሪካንን በሙሉ ያነጋገረው በአንድ ሰው ሞት ምክንያት ነበር። ሰውየው ሚሊዮኖችን ከሶፋ አስነስቶ ያስሮጠ ደራሲ ነው። ስሙም ጂም ፊክስ ይባላል።

የአባቱ ልጅ

ጄምስ ፊክስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1932 በኒውዮርክ ተወለደ። አባቱ ካልቪን ፊክስ በታዋቂው ታይም መጽሔት አርታዒ ነበር። ካልቪን ገና በ35 ዓመቱ የልብ ሕመም፣ ሐኪሞች ሃርት አታክ የሚሉት፣ ጣለው። ከሞት ቢተርፍም ብዙ አልቆየም። በ43 ዓመቱ ሌላ ሃርት አታክ ገደለው። ከአባቱ ለልጁ የተረፈው የብዕር ሙያ ብቻ አልነበረም፤ የልብ ሕመሙም ጥላ አብሮ ተከትሎታል።

ጂም እንደ አባቱ የመጽሔት ሰው ሆነ። ኦበርሊን ከተባለው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርቆ በተለያዩ መጽሔቶች በአርታዒነት ሠራ። አእምሮን የሚፈትኑ እንቆቅልሾች የተሰበሰቡባቸው መጻሕፍትም አሳትሟል። ኑሮው የወንበር ኑሮ ነበር። በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ ያጨሳል፤ ክብደቱም 100 ኪሎ ገደማ ደርሶ ነበር።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1967፣ ልክ አባቱን ሕመሙ መጀመሪያ በጣለው ዕድሜ፣ በ35 ዓመቱ ነው። ቴኒስ ሲጫወት እግሩን ተጎዳና ለማጠናከር ቀስ እያለ መሮጥ ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሚኖርበት ግሪንዊች በተካሄደ የ8 ኪሎ ሜትር ውድድር ገብቶ የመጨረሻ ወጣ። አላፈረም፤ ሩጫውንም አልተወም። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ25 ኪሎ በላይ ቀነሰ፣ ሲጋራውን ወረወረ፣ ማራቶንም ሮጠ።

ቀዩ መጽሐፍ

ፊክስ መሮጥ ሲጀምር አሜሪካ ውስጥ ጎልማሳ ሰው በጎዳና ላይ ሲሮጥ ቢታይ እንደ እብድ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ማራቶንን ሲያሸንፍ ግን ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በዚያ ውድድር የእኛው ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ ማግኘቱ ይታወሳል። አሜሪካውያን በቴሌቪዥን ያዩት ድል መሮጫ ጫማ እንዲገዙ አደረጋቸው። የቀራቸው እንዴትና ለምን እንደሚሮጥ በቀላል ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው ነበር።

ያ ሰው ፊክስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ሩጫ ምሉዕ መጽሐፍ ብሎ ያሳተመው ሥራው ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ቀይ ሽፋኑ ላይ የሚታዩት ጡንቻማ እግሮች የራሱ የፊክስ ነበሩ። መጽሐፉ ለተራው ሰው የተጻፈ ነው። ወፍራሙም፣ አጫሹም፣ ዕድሜው የገፋውም መሮጥ እንደሚችል አስረጂው ራሱ ደራሲው ነበር። ሚሊዮኖች አመኑት፤ ወጥተውም ሮጡ።

በዚያው ዘመን ቶማስ ባስለር የተባሉ የካሊፎርኒያ ሐኪም ከፍ ያለ ነገር ይናገሩ ነበር። ማራቶን መጨረስ የሚችልና እንደ ማራቶን ሯጭ የሚኖር ሰው የልብ የደም ቧንቧው በቅባት ተደፍኖ አይሞትም ይሉ ነበር። ብዙ ሯጮች ይህን እንደ ክትባት ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1979 ቲም ኖክስ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የልብ የደም ቧንቧቸው የተደፈነ የማራቶን ሯጮችን ማስረጃ አቅርበው አባባሉን ውድቅ አደረጉት። ነገር ግን ደስ የሚል ወሬ ከማስተባበያው ይልቅ ፈጥኖ ይሮጣል።

እምቢ ያለው ምርመራ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 ፊክስ ወደ ዳላስ ተጉዞ የዶ/ር ኬኔት ኩፐርን ክሊኒክ ጎበኘ። ዶ/ር ኩፐር ኤሮቢክስ የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቁ፣ በ12 ደቂቃ የሩጫ ፈተናቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው። ለእንግዳቸው ስትረስ ቴስት እንዲያደርግ ሐሳብ አቀረቡለት። ፊክስ አልፈልግም አለ።

ስትረስ ቴስት ምንድን ነው? ባጭሩ ልብ ሥራ ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን የሚታይበት ምርመራ ነው። በእረፍት ላይ ያለ ልብ ቧንቧው ጠቦም ቢሆን በቂ ደም ሊያገኝ ይችላል። ዳገት ሲወጣ ግን የደም ፍላጎቱ ይጨምርና ጥበቱ ይታወቃል። ቀደም ሲል አርተር ማስተር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በሽተኛውን ሁለት ደረጃ እያስወጡና እያስወረዱ ይመረምሩ ነበር። ዛሬም በብዙ አገሮች የሚሠራበትን ዘዴ የቀየሱት ግን የሲያትሉ ዶ/ር ሮበርት ብሩስ ናቸው።

በዶ/ር ብሩስ ዘዴ ተመርማሪው በደረቱ ላይ የኢሲጂ ሽቦዎች ተለጥፈውለት ትሬድሚል ላይ ይወጣል። መጀመሪያ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ይራመዳል። በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። ሁለተኛው ደረጃ 4 ኪሎ ሜትር፣ ሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሐኪሙ የልብን የኤሌክትሪክ መስመር፣ የደም ግፊቱን፣ የሰውየውን ስሜትና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይከታተላል። የጭላሎን ዳገት ለሚያውቅ የአርሲ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ሐኪም አጠገብ ቆሞ ማየቱ ነው።

ፊክስ ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በሩጫ ላይ መጽሐፍ የጻፈ፣ የአባቱን ሞት የሚያውቅ፣ ለዓመታት አጫሽ የነበረ ሰው ነው። ከሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሲሮጥ ደረቱና ጉሮሮው አካባቢ የመጨነቅ ስሜት እንደሚሰማው ለቅርብ ሰዎቹ ተናግሮ እንደነበር ኋላ ተዘግቧል። ወደ ሐኪም ግን አልሄደም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ብሂል ለእርሱ የተነገረ ይመስላል።

የሐምሌው ቀን

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ፊክስ ለእረፍት ቬርሞንት ግዛት ውስጥ ሃርድዊክ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። እንደ ልማዱ የዕለት ሩጫውን ሊሮጥ ወጣ። ከዚያ አልተመለሰም። አስፋልቱ ዳር ወድቆ በመንገደኛ ተገኘ። 52 ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ዘጠኝ ዓመት በልጦ መኖሩ ነው።

አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ያገኙት ነገር አነጋጋሪ ነበር። የልቡን ጡንቻ ከሚመግቡት ሦስት ዋና ዋና የደም ቧንቧዎች አንዱ 95 በመቶ፣ ሁለተኛው 85 በመቶ፣ ሦስተኛው 70 በመቶ ተደፍነው ነበር። የልቡ ጡንቻ ላይ ቀደም ብሎ የደረሰ ጉዳት ጠባሳም ታይቷል።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሩጫን የሚጠሉ ሰዎች ሲጋራቸውን እየለኮሱ ተሳለቁ። ሯጮች ደነገጡ። ሐቁ ግን ከሁለቱም ወገን ስሜት የተለየ ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. 1984 በሲያትል አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት ይፋ ሆነ። ጥናቱ እንደሚያሳየው ጠንካራ እንቅስቃሴ በሚደረግበት ሰዓት ልብ ድንገት የመቆሙ ዕድል ለጊዜው ከፍ ይላል። ሆኖም ዘወትር እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ወንዶች ጠቅላላ አደጋቸው ከማይንቀሳቀሱት 40 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሩጫ ፊክስን ገደለው ማለት ትክክል አይሆንም። ቧንቧውን የደፈኑት ከዘር የመጣው ሕመምና የሲጋራው ዓመታት ሳይሆኑ አይቀሩም። አባቱ በ43 ሲሞት እርሱ 52 መድረሱን ለሩጫው ውለታ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው።

ቢመረመር ይተርፍ ነበር?

ዶ/ር ኩፐር በቀጣዩ ዓመት ያለ ፍርሃት ስለመሮጥ መጽሐፍ ጽፈው የፊክስን ታሪክ ዋና ትምህርት አደረጉት። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ከመሮጥ በፊትና በየጊዜው ልብን ማስመርመር ነው። ይሁን እንጂ ስለ ምርመራው አስተማማኝነት ስንናገር ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ቀደም ሲል የተሠሩ 147 ጥናቶች ተሰብስበው ተመዘኑ። ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ይህ ሥራ እንዳሳየው፣ የልብ ቧንቧቸው ከጠበበ 100 ሰዎች ስትረስ ቴስት በአማካይ የሚያገኘው 68ቱን ነው፤ 32ቱ ያመልጡታል። ከ100 ጤነኞች ደግሞ 23ቱን ያለ ጥፋታቸው በሽተኛ ይላቸዋል። እንደ ፊክስ ብዙ ቧንቧ የተደፈነበትን ሰው የመያዝ ዕድሉ ግን ከአማካዩ የተሻለ ነው። ስለዚህ በዳላስ ትሬድሚሉ ላይ ቢወጣ ኖሮ ጉዱ የመታወቁ ዕድል ሰፊ ነበር ማለት ይቻላል፤ እርግጠኛ ነበር ማለት ግን አይቻልም።

ለዚህ ሌላ ታዋቂ ሰው ምስክር ነው። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቲም ራሰርት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 መጨረሻ ስትረስ ቴስት አድርጎ አለፈ። በጁን 13 በሥራ ላይ ሳለ በ58 ዓመቱ በሃርት አታክ ሞተ። ምክንያቱ ለሐኪሞች ግልጽ ነው። ስትረስ ቴስት የሚያየው ደም እንዳያልፍ ያደረገ ጥበትን ነው። ብዙ ጊዜ ሃርት አታክ የሚያመጣው ግን ቧንቧውን እምብዛም ያላጠበበ የቅባት ክምችት ድንገት ሲፈነዳና ደም ሲረጋበት ነው። ምርመራውን ያለፈ ሰው የዕድሜ ልክ ዋስትና አልተሰጠውም።

ምርመራው ራሱስ አይገድልም ወይ? ይህም የሚፈራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የወጣ ጥናት 170 ሺህ ያህል ምርመራዎችን ቆጥሮ ከ10 ሺህ ምርመራ አንድ ሞት ገደማ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሌላው ጥናት ከ518 ሺህ በላይ ምርመራዎችን አካቶ ቁጥሩ በግማሽ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ሐኪም፣ ኦክስጅንና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ አጠገብ ካሉ አደጋው እጅግ ትንሽ ነው። ሆኖም ትሬድሚል ላይ መውጣት የሌለባቸው ሰዎች አሉ። ሃርት አታክ ከደረሰበት ሁለት ቀን ያልሞላው፣ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ደረቱን የሚወጋው፣ የልብ ጡንቻው የተቆጣ፣ ወይም የልብ በሩ ክፉኛ የጠበበ ሰው በቅድሚያ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። በአገራችን በልጅነት በቶንሲል ተነስቶ የልብን በር የሚያበላሸው የልብ ሪውማቲክ በሽታ ብዙ ስለሆነ፣ ከትሬድሚል በፊት በማዳመጫና በኤኮ መታየት ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለአሰላ ሁለት ዓይነት ሯጮች

እንግዲህ ወደ አሰላ ማለዳ እንመለስ። የጂም ፊክስ ታሪክ በቀጥታ የሚናገረው ለጎልማሶቹ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ በልጅነት ዕድሜ በልብ የሞተበት፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው መሮጫ ጫማ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ስትረስ ቴስት ጠቃሚ ነው፤ ጥርጣሬው ቀድሞ ስላለ ውጤቱ ክብደት ይኖረዋል።

ለወጣቶቹ ሯጮች ግን ነገሩ ይለያል። በ18 ዓመት ዕድሜ ልብን የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ቧንቧ ሳይሆን ከተፈጥሮ የመጣ ችግር ነው፤ የልብ ጡንቻ ከመጠን በላይ መወፈር ወይም የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ መዛባት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ በሜዳ ውስጥ የወደቀው ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ የልቡ ጡንቻ ወፍሮ ነበር። ለዚህ ኢሲጂና ኤኮ ከትሬድሚል ይቀድማሉ። እንበልና ከአንድ ሺህ ወጣቶች አምስቱ ብቻ የቧንቧ ሕመም ቢኖርባቸውና ሁሉም ስትረስ ቴስት ቢያደርጉ፣ ከላይ ባየነው መጠን ምርመራው ሦስቱን ያህል በትክክል ሲይዝ ከ220 በላይ ጤነኞችን በከንቱ ያስደነግጣል። በዚያ ላይ የሯጭ ልብ በልምምድ ብዛት ሰፋ ያለና ቀስ ብሎ የሚመታ ስለሆነ የማያውቀውን ሐኪም ሊያሳስት ይችላል።

የአገሮች ልምድም አንድ አይደለም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኞችን በሕግ አስገድዳ ትመረምራለች። በሰሜን ጣሊያን የተሠራ ጥናት የስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት 89 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ናይጄሪያዊው ኑዋንኮ ካኑም እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንተር ሚላን ሲገባ በተደረገለት ምርመራ የልቡ በር ችግር ታውቆ በቀዶ ሕክምና ድኖ ለዓመታት ተጫውቷል። በአንጻሩ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1997 ስትረስ ቴስትን ጭምር የሚያስገድድ ሕግ ብታወጣም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት የሞቱ ቁጥር መቀነሱን አላገኘም። ማሽኑን ብቻ ማብዛት መፍትሔ አይሆንም ማለት ነው።

ሁለቱንም ወገኖች የሚያገናኝ ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ አለ። ሲሮጡ ድንገት ራስን መሳት፣ የደረት መጨነቅ፣ ያለ ምክንያት የልብ መደለቅ፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለ ድንገተኛ ሞት፤ እነዚህን ለአሠልጣኝም ለሐኪምም ሳይደብቁ መናገር ነው። ወጣቱ ከቡድን እቀነሳለሁ ብሎ፣ ጎልማሳው እንደ ደካማ እታያለሁ ብሎ ይደብቃል። ጂም ፊክስም እጁ ላይ የነበረውን ይህን መረጃ አልተጠቀመበትም። የአባቱን ታሪክ ያውቅ ነበር፤ የደረቱንም ጭንቀት ያውቅ ነበር። ትሬድሚሉ ሊጨምርለት የሚችለው ማረጋገጫ ነበር።

ፊክስ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቢሆነውም ያስሮጣቸው ሰዎች ዛሬም ይሮጣሉ። ትክክልም አድርገዋል። አርሲም መሮጧን አትተው። ጠዋት የምትወጡ ጎልማሶች ሆይ፣ ጫማችሁን ከማሰራችሁ በፊት ግን አባቶቻችሁ በምን እንደሞቱ ጠይቁ፤ ደረታችሁ ሲናገርም ስሙት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።